ወንድሜን «ማል» ያልኩበት ቀን

የቀድሞ ባሌ ዘለቀ እኔ እስከማውቀው አንድ ቀን ብቻ እውነት ተናግሯል። እሱንም የተናገረው ፍርድ ቤት ቆሞ ነው። ጉድ እኮ ነው። ያን ቀን እውነቱን ይዞ የቆመው እሱ፣ ውሸቱን ይዞ የመጣው ደግሞ እንደ አባት ያሳደገኝ ወንድሜ ሆነና እኔ መሃል ላይ ተገተርኩ። ስለዚያ ቀን ልንገራችሁ። እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ አዛኝ በዝቶብኝ ሰልችቶኛል። ከእናንተ መሃል ነገ ዳኛ ፊት የምትቀርብ አትጠፋም፤ ለእሷ ብዬ ነው።

አማረች እባላለሁ። ሶዶ ገበያ ቅቤ እሸጣለሁ። ትውልዴ ቆላው ሁምቦ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። ወንድሜ ማርቆስ ትምህርቱን ጥሎ እርፍ ጨበጠ፤ እኔን ሶዶ አክስታችን ቤት አስቀምጦ አስተማረኝ። በገበያ ቀን በቆሎ ተሸክሞ በእግሩ ይመጣና ደጅ ላይ አስቀምጦልኝ፣ ደብተሬን አገላብጦ አይቶ፣ በዚያው ይመለስ ነበር። ስሙን ጠርቼው አላውቅም፤ «ጋሼ» ነው የምለው።

ቅቤ ከሩቅ አሽትቼ ትኩሱን ካደረው እለያለሁ። ባል መምረጥ ላይ ግን አፍንጫዬ አልሠራም። ዘለቀ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ይጭናል። ሲጭን ሲያራግፍ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ቤት ሠርቶ፣ ሌላ ልጅ ወልዶ ተገኘ። አገር ካወቀ በኋላ ነው እኔ የሰማሁት። ሽማግሌ ገባ፣ የንስሐ አባታችን ገቡ፣ አልሆነም። እኔው ራሴ ሄጄ ፍቺ ጠየቅኩ። ፍርድ ቤቱም «አስቡበት» ብሎ ጊዜ ሰጠን፤ አሰብንበት፣ ባሰብን ቁጥር ባሰብን። ፍቺው ተወሰነ፤ ሦስቱ ልጆች ከእኔ ጋር ይኑሩ ተባለ። የቀረው ንብረት ነበር።

ንብረት ስል ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ጭቃውን እኔ ረግጫለሁ፣ ቆርቆሮውን እሱ ነው ያመጣው። ካርታው በዘለቀ ስም ስለሆነ ሰፈርተኛው ሁሉ «በስሙ ነውኮ፣ አለቀልሽ» እያለ ከዳኛዋ በፊት ፈርዶብኝ ነበር። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። «በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በማንም ስም ቢመዘገብ፣ የግሌ ነው ያለው ሰው ካላስረዳ በስተቀር የጋራ ነው» አለች። ዘለቀ ማስረዳት አልቻለም። ግማሽ ቤት አገኘሁ ማለት ነው።

ታዲያ ግማሽ ቤት ምን ያደርጋል? ቤት እንደ ዳቦ አይቆረስም። ወይ አንዳችን የሌላውን ግማሽ ከፍለን እናስቀረዋለን፣ ወይ በሐራጅ ይሸጥና እንካፈላለን። እኔ የምከፍለው አልነበረኝም። ቤቱ ሐራጅ ከወጣ ደግሞ የሚደርሰኝ ለጥቂት ጊዜ የቤት ኪራይ ሆኖ ያልቃል፤ ከዚያ ሦስት ልጆች አንጠልጥዬ ከአከራይ ወደ አከራይ መንከራተት ነው። ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ብቻ ነበር። ባል ሄደ፣ ይሂድ፤ ቤቱ ግን እንዳይሄድ።

አንድ መላ ግን ነበረኝ። ከዘለቀ ጋር በሰላም በነበርንበት ዘመን ከቅቤውም ከሙዙም የተረፈንን እያጠራቀምን አምስት በሬ ገዝተን ነበር። ከተማ ውስጥ በሬ የት ይታሰራል? ሁምቦ፣ ለጋሼ ሃራ ሰጠናቸው። ሃራ ማለት ከብትህን ሌላ ሰው ቤት ታስቀምጣለህ፤ ያ ሰው ያበላዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ያርስበታል፣ ፍጉን ለእርሻው ይወስዳል፣ ሲሸጥም ከትርፉ ድርሻ አለው። የሃራ አንዱ ደንብ ምንድን ነው፣ የባለቤቱ ስም በአደባባይ አይጠራም። ምቀኛ እንዳያየው፣ ተበዳሪ በር እንዳያንኳኳ፣ ጎረቤት በሬው የአሳዳሪው ነው ብሎ እንዲያምን ይተዋል። ነገሩ ሁሉ በቃል ነው። ከወንድሜ ወረቀት ብጠይቅ ኖሮ ሌባ ብዬ እንደሰደብኩት ይቆጠር ነበር።

ለዘለቀ «አምስቱን በሬ አንተ ውሰድ፣ የወንድሜን የማድለቢያ ድርሻ ጠብቅለት፣ ቤቱን ለእኔ ተው» አልኩት። የከብት ዋጋ ስለሚያውቅ ዓይኑን አላሸም። ተፈራረምን። የቀረው ዳኛዋ ፊት ቀርቦ ማጸደቅ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ ቁርስ በልቼ ሄድኩ። ዘለቀ ጃኬት ለብሶ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ስማችን ተጠራ፣ ቆምን። ዳኛዋ ወረቀቱን አገላበጠችና «አንድ የጣልቃ ገብ አቤቱታ ቀርቧል» አለች። ጣልቃ ገብ ማለት በሰዎች ክርክር ላይ «የምትካፈሉት ነገር የእኔ ነው» ብሎ የሚገባ ሰው ነው። ማን ሊሆን ይችላል ብዬ ዞር ስል በሩ ተከፈተና ጋሼ ገባ። ከኋላው እናቴ፣ መቋሚያዋን ይዛ።

እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ እኮ። ፈገግ አልኩላቸው።

«ጥያቄዎ ምንድን ነው?» አለችው ዳኛዋ።

ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። «በሬዎቹ የእኔ ናቸው» አለ። «እሷም እሱም በእኔ ቤት ከብት የላቸውም። የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። ምስክሮች አሉኝ፣ ውጭ ቆመዋል።»

ዞሬ እናቴን አየኋት።

«ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ሰው ይዋሻል» አለ ዘለቀ ተስፈንጥሮ ተነስቶ። «እኔና እሷ ነን የገዛናቸው። ሃራ ነው የሰጠነው። እግዚአብሔር ያውቃል።» ከዚህ ሰውዬ አፍ እግዚአብሔር ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ደግሞ እውነቱን ነበር።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረች። «ወይዘሮ አማረች፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? አስቢበት። በሬዎቹ የወንድምሽ ናቸው ከተባለ የእናንተ ስምምነት ይፈርሳል፤ ቤቱም ወደ ሐራጅ ይሄዳል። በሌላ በኩል ማንም ሰው እዚህ ሐሰት ቢናገር በወንጀል እንደሚጠየቅ ሁላችሁም እወቁ።»

ወደ ጋሼ አየሁ። በዓይኑ ጠቀሰኝ። ልጅ ሆኜ አክስቴ ስትቆጣኝ «ዝም በይ፣ እኔ አለሁ» ሲለኝ የሚጠቅሰኝ አጠቃቀስ ነው። «ከምሳ በኋላ ልመልስ» ብዬ ለመንኩ፤ ፈቀደችልኝ።

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለች ምግብ ቤት ሦስታችን ገባን። ረቡዕ ስለነበር ሽሮ አዘዝን። እናቴ እጇን ታጠበች እንጂ አልቀመሰችም።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ቀስ ብለሽ ስሚኝ።» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ያ ሰው ሌላ አግብቶብሽ፣ በሬሽን ነድቶ ለእሷ ይውሰድላት? እኔ በቁሜ እያለሁ? የእኔ ናቸው ካልኩ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንቺ ‹አዎ፣ የወንድሜ ናቸው› በይ፣ አለቀ። አምስቱም ያንቺ ናቸው።»

«ቤቱስ?»

«በሬ ሸጬ የሱን ግማሽ እከፍልልሻለሁ። ቤቱም ያንቺ፣ የተረፈውም ያንቺ። እኔ መቼ ነው ክፉሽን የፈለግኩት?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ዘለለች። ዘለቀ ባዶ እጁን ሲሄድ በዓይኔ ታየኝ። ፊቱ ምን እንደሚመስል ሁሉ አሰብኩና ሆዴ ሞቅ አለው። ያ ሁሉ ዓመት ያስለቀሰኝ ሰው አንድ ቀን ቢያለቅስ ምን አለበት? ደግሞስ ጋሼን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

«እሺ» አልኩት። «እንደዚያ ከሆነ በዚህ ሳምንት ሁለቱን እንሽጥና ለፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ላስይዝ። ሐራጁን የሚያስቆመው እሱ ብቻ ነው።»

ጋሼ እንጀራውን ጠቅለል አድርጎ ሳይጎርሰው ያዘው። «በዚህ ሳምንትማ አይሆንም። በሬ ዋጋ የሚያወጣው ለመስቀል መሆኑን አንቺ አታውቂም? ክረምቱ እንኳ አልገባም።»

«ሐራጁ እስከ መስቀል ቆሞ ይጠብቀኛል?»

«አንቺ ደግሞ ትቸኩያለሽ።»

እናቴ አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ከልቧ ስትናገር በወላይትኛ ነው። ልታስታርቀን ፈልጋ «ተይው ልጄ፣ ሦስቱም ለመስቀል ይደርሳሉ፣ ሰብተዋል» አለች።

«ሦስቱ?» አልኩ። «እማ፣ አምስት አይደሉም እንዴ?»

ጋሼ ወደ ሽሮው አቀረቀረ። እናቴ እሱን አየችውና «ንገራታ» አለችው። አልነገረኝም። እሷው ነገረችኝ። «በቆሎው ቆሞ ሲደርቅ ሰው ምን ይብላ? ሁለቱን ሸጠ፣ እህል ገዛ። ልጆቹም በሉ፣ እኔም በላሁ። ያንቺን በሬ በላን፣ ልጄ።»

ቢነግረኝ ኖሮ እኔው ራሴ «ሽጥ» እለው አልነበር? እናቴ እየተራበች በሬ ምን ያደርግልኛል? እንደዚያ አልኩት። «ለምን ደበቅከኝ?»

«አንቺ ከዚያ ሰው ጋር ስትንገላቺ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለ፤ ድምፁ ወርዷል። «የሃራ ከብት የሸጠ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። እተካለሁ ብዬ ነው። ዝናብ ሲዘንብ እተካለሁ ብዬ።»

ያኔ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። በሬዎቹ የጋሼ ናቸው ከተባለ ማንም መጥቶ አይቆጥራቸውም። የእኔና የዘለቀ ናቸው ከተባለ ግን አምስት ተብሎ ሦስት ይገኛል፤ ጋሼ ይዋረዳል። ወንድሜ ፍርድ ቤት የመጣው የእኔን ቤት ሊያድን አልነበረም፤ ኀፍረቱን ሊሸፍን ነበር። ያንን «እኔ አለሁ» የሚለውን ጥቅሻ ለዚህ አዋለው። ተናደድኩ ብላችሁ ውሸቴን ነው። ለሱ አዘንኩለት፣ ዓይኑን ማየት ግን አልቻልኩም።

ተነስቼ ወጣሁና ዘለቀን ፍለጋ ሄድኩ። ከፍርድ ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ስልኩን ይነካካል። በትዳር ዘመናችን ለምኜው የማላውቀውን ሰው ለመንኩት።

«ዘለቀ፣ ሦስቱን ውሰድና ቤቱን ተውልኝ።»

«ሦስት?» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አምስት ተባብለን ተፈራርመን ሦስት ከየት መጣ? ሁለቱን ማን በላቸው?»

«ማንም አልበላም። ለልጆችህ ብለህ ነው።»

«ለልጆቼ ብዬማ ቤቱን ተውኩ። ስሚ፣ ጠበቃ ጠይቄያለሁ። በሬ ጎድሎ ባገኝ ማርቆስን በእምነት ማጉደል ነው የምከሰው፤ እስር ቤት ነው የሚያድረው። ወይ አምስት፣ ወይ ሐራጅ።» ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም፤ እውነቱን ተናገሪ ብቻ» አለኝ። እሱ፣ እውነት፣ ለእኔ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ፤ ትልቋ ልጄ ማህሌት ናት፤ ከትምህርት ቤት ወጥታ የሰው ስልክ ለምና ነው የደወለችው። «እማ፣ ቤቱ ቀረልን?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። «ታናናሾቼ እየጠየቁኝ ነው፣ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «ምሳ አብያቸው» ብዬ ዘጋሁት።

ከምሳ በኋላ ስንገባ እናቴ ከኋላ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዳኛዋ «መልስሽ ምንድን ነው?» ስትለኝ ቀና ብዬ መለስኩ።

«ክብርት ዳኛ፣ በሬዎቹ የእኔና የዘለቀ ናቸው። ባለቤቴ የነበረው ሰው የተናገረው እውነት ነው።»

ጋሼ እንደ መታሁት ወደ ኋላ አለ። ዳኛዋ «በጥያቄዎ ይጸናሉ?» አለችው። «እጸናለሁ» አለ። «እንግዲያው ምስክሮቹን እንሰማለን።»

«ምስክሮቹን ማስቸገር አያስፈልግም» አልኩ። «ጎረቤቶቹ ናቸው፤ በሬዎቹን ሁልጊዜ በወንድሜ በረት ነው የሚያዩት፣ የሱ ናቸው ብለው ያምናሉ። ውሸታሞች አይደሉም። እሱን ራሱን አስምሉልኝ። እናቴ እዚህ ተቀምጣ እየሰማች ይማል።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም፣ ጠበቃም አልነበረኝም። ከአንድ ጡት የጠባን ሰዎች ነን፤ ጋሼ የቱ ጋ እንደሚሰበር አውቃለሁ። በእኛ አገር በእናት ፊት የተማለ የሐሰት መሐላ በልጅ ላይ ይወድቃል ይባላል። ጋሼ አራት ልጆች አሉት።

ዳኛዋ «ይምላሉ?» አለችው። ቀኝ እጁን አነሳ። የችሎቱ ጸሐፊ የመሐላውን ቃል እየመራ አስጀመረው፤ ጋሼ ከኋላ ከኋላው እያለ መሃል ላይ ደረሰና ቆመ። ጸሐፊው ደገመለት። እጁ እንደተነሳ ነው፤ እርፍ የጨበጠበት፣ በቆሎ የተሸከመልኝ እጅ። ከዚያ «ክብርት ዳኛ፣ እናቴ ትውጣልኝ» አለ።

«ለምን?»

«ትውጣልኝ ብቻ።»

እናቴ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። የተባለውን የሰማችም አትመስልም፤ መቋሚያዋን አገጯ ላይ አስደግፋ ወለሉን ታያለች። ጋሼ ወደ እሷ ዞሮ አየ፣ እኔን አላየኝም። እጁን አወረደ። «በሬዎቹ የእሷ ናቸው» አለ። «ሃራ ነው የያዝኩት።» ኮፍያውን አፉ ላይ አደረገና አለቀሰ። ወንድሜ አባታችን ሲቀበርም አላለቀሰም።

ዳኛዋ ገሠጸችው፤ መሐላውን ሳይጨርስ ራሱ እውነቱን ስለተናገረ ግን አለፈችው። አቤቱታው ተዘጋ፤ የጎደሉትን ሁለቱን በሬዎች ማንም ሳያነሳ ስምምነታችን በአምስቱ ጸደቀ። ቤቱ የእኔ ሆነ። እንዲህ በአጭሩ ነው ያለቀው።

ውጭ ላይ ምስክሮቹ ፀሐይ እየመታቸው ቆመዋል። ጋሼ «ሂዱ፣ ሌላ ቀን ነው» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣና ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ፣ «ያን ጊዜ እርፉን ባልጨብጥ ኖሮ እኔም እንዳንቺ ፍርድ ቤት መናገር እችል ነበር» አለኝ። እናቴ እጄን ያዘች፤ እጇ ይቀዘቅዛል። «ልጆችሽን ይዘሽ ኑሪ» አለችኝ። «ወደ እኛ ግን ለጊዜው አትምጪ። ይብረድለት።»

ዘለቀ የፍርዱን ግልባጭና የቀበሌ ሰው ይዞ ሁምቦ ወረደ። ሦስት በሬ ተገኘ። ጋሼ እንዳይከሰስ ብሎ በሁለቱ ፋንታ የሚያርስበትን የራሱን በሬና የምትታለበውን ላም ከነጥጃዋ ፈትቶ ሰጠው። ዘለቀ ረካና መክሰሱን ተወው። ያቺ ላም የእናቴ ወተት ነበረች። ይህን የሰማሁት ከሁምቦ ቅቤ ከምታመጣልኝ ሴት ነው። ላም ገዝቼ ልላክ ብዬ በሰው በኩል ብጠይቅ ጋሼ «የእሷ ከብት በእኔ በረት አይታሰርም» ብሎ መለሰልኝ።

እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ ሴቶች፣ እስቲ ፍረዱኝ። የሚፈርድብኝስ በዝቷል፤ «ወንድሟን ለባሏ ሸጠች» ይሉኛል ገበያ ላይ። ሐሰት ብናገር ኖሮ ልጆቼ ዛሬ የት ነበሩ? ደግሞ ዛሬም ተኝተው ሲያንኮራፉ እየሰማሁ «እውነቱን መናገሬ ነው ወይስ ቤቱን ማትረፌ ነው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ዳኛዋን አልወቅስም፣ ሕጉንም አልወቅስም። ሕጉ ግማሽ የሚገባኝን ግማሽ ብሎ ሰጥቶኛል። ሕጉ የማያውቀው የሃራን ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ ሃራን እናውቃለን እንጂ ሕጉን አናውቅም።

አሁን ቅቤ ልትገዛ ለመጣች ሴት ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ፤ ለፍላፊ ሆኛለሁ። ከብትሽን ለወንድምሽ ስትሰጪ ሁለት መስመር ጻፊ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ባልሽም ይፈርም። ይቆጣል፣ ይቆጣ። ያኔ የተቆጣ ወንድም ይሻላል። ወረቀት ቢኖረን ኖሮ ጋሼ በዚያ ድርቅ ጊዜ ሳይደበቅ «ሁለቱን ልሸጥ ነው፣ ጻፊበት» ይለኝ ነበር። እኔና እሱን ያጣላን ዘለቀ አይደለም፤ መተማመናችን ነው። መተፋፈር ያለበት መተማመን እዳ ነው። ደግሞ ፍቺ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ «በእኔ ስም ደብቂው» ይልሻል። የሚልሽ ወዶሽም ሊሆን ይችላል፣ ግን በማግስቱ ንብረትሽን የምትለምኚው እሱን ነው።

ጋሼ ግን አልበረደለትም። ዓመት ሲያልፍ፣ አንድ የገበያ ቀን ያቺ ቅቤ የምታመጣልኝ ሴት ገና ከሩቅ ስታየኝ ቅሏን አውርዳ አቀፈችኝና «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለችኝ። «በምን?» አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። እናቴ የተቀበረችው ከትናንት በስቲያ ነበር።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሁምቦ ወረድኩ። ድንኳን ተተክሏል። ጋሼ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሸምግሏል። አጠገቡ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ዘለቀ። ጋሼ ተነስቶ አቅፎት፣ አብረው አልቅሰው፣ «አማቼ ነው፣ የልጆች አባት ነው» ብሎ ጎኑ እንዳስቀመጠው ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ ስገባ ጋሼ አየኝና ቀና ሳይል ዓይኑን መለሰ። ማንም አላባረረኝም። ከቤተሰቡ ወንበር ላይም ቦታ የለቀቀልኝ አልነበረም። ከሩቅ ከመጡት ለቀስተኞች ጋር ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ከጎኔ የማላውቃት ሴት ነበረች፤ የጋሼ ሚስት ወገን መሰለችኝ። ለረጅም ጊዜ ሳለቅስ አየችኝና እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «ለሟች ምናቸው ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀና ብዬ ወደ ጋሼ አየሁ። ዘለቀ ጆሮው ላይ አንድ ነገር እያለው ነው።

«እንግዳ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያማ ቅመሺ፣ መንገድ አለብሽ» ብላ ንፍሮውን አስጠጋችልኝ።